ነፋስ የወላጆቼን ቤት ጣሪያ ነቅሎ ወሰደው፤ ክረምት ሳይገባ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወላጆቼ የሚኖሩት ምዕራብ ጎጃም ገጠር ነው። ባለፈው ሳምንት አመሻሹ ላይ ነጎድጓድና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ፤ ከዝናቡ ቀድሞ የመጣው ነፋስ የጣሪያውን ግማሽ ከነሞራሌው (ቆርቆሮው ከሚመታበት አግዳሚ እንጨት ጋር) አንሥቶ ጓሮ ጣለው። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልተጎዳም። ቤቱ የጭቃ ነው፤ እንጨቱ ባሕር ዛፍ፣ ቆርቆሮው 35 ጌጅ። ያስቀመጡት በቆሎም ረጥቧል። ወደ ቤቱ የሚገባው የመብራት ሽቦ ደግሞ ተበጥሶ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ታላቅ ወንድሜ «ያንኑ ቆርቆሮ ቶሎ መልሰን እንምታው» ይላል። እኔ ከአዲስ አበባ ወፍራም ቆርቆሮ ገዝቼ ልልክ አስቤያለሁ። የምታውቁ እባካችሁ ምከሩን።

የመብራት ሠራተኛ፦
እህቴ፣ የጣሪያው ነገር ይቆይና አሁኑኑ ለቤት ደውይ። ሽቦው ሞቷል ብሎ ማንም እንዳይነካው፤ በእንጨትም ቢሆን አይገፋ፤ እርጥብ እንጨት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። አጥሩ ቆርቆሮ ወይም ሽቦ ከሆነ አጥሩንም አይንኩ። ልጆችና ከብቶች ቢያንስ 10 ሜትር ይራቁ። 905 ደውላችሁ አስመዝግቡ። ሽቦው ከተቀጠለ በኋላም ውስጥ ያለው መስመር ደርቆ በባለሙያ ሳይታይ ብሬከሩን አታንሡ።

አባል፦
28 ጌጅ ግዢ፣ ከዚያ በኋላ ሐሳብ የለም። የጌጁ ቁጥር ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል፤ 35 እንደ ወረቀት ነው።

አናጢ፦
ልጄ፣ ገንዘብሽን ቆርቆሮ ላይ ከማፍሰስሽ በፊት አንድ ነገር ልብ በይ። ጣሪያው «ከነሞራሌው» ተነሣ ብለሻል። ቆርቆሮውና ሞራሌው አልተላቀቁም ማለት ነው፤ ሚስማሩ ይዟል። የለቀቀው ከሥር ነው፤ ሞራሌውን የሚሸከመው ወጋግራ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ። 28 ጌጅ ብታለብሱትም ያው ነፋስ ያው ቦታ ላይ ይነቅለዋል።

እኛ አገር ወጋግራ የሚያያዘው ብዙ ጊዜ ከላይ በተመታ አንድ ሚስማር ነው። ባሕር ዛፉ እርጥብ ሳለ ይመታል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ሚስማሩ ይላላል። ነፋስ ደግሞ ወደ ታች አይጫንም፤ ከክፈፉ ሥርና በተከፈተ በር ገብቶ ሽቅብ ይገፋል፣ ከላይ የሚያልፈውም ይስባል። ስለዚህ እያንዳንዱን ወጋግራ ዝገት በማይዘው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሽቦ ከቋሚው ጋር ሁለት ሦስት ዙር እሰሩትና በጉጠት አጥብቃችሁ ጠምዝዙት። ሞራሌውንም ከወጋግራው ጋር እንዲሁ። ይህ ከአዲስ ቆርቆሮ በጣም ይረክሳል።

ከግድግዳ ወጥቶ የሚንጠለጠለው ክፈፍ ከ50 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ለጭቃ ግድግዳ ግን ከመጠን በላይ አታሳጥሩት፣ ግድግዳውን ዝናብ ይበላዋል። በክፈፉና በጫፉ በኩል ያለው ቆርቆሮ በእያንዳንዱ ጉብታ ላይ ይመታ፣ መሐሉ አንድ እያለፈ ይበቃዋል። የተጣመመውን ቆርቆሮ አቃንታችሁ ተጠቀሙበት፣ የድሮውን ቀዳዳ በሬንጅ ድፈኑ። ጣሪያ ላይ ድንጋይ መጫን የሚባለውን ግን ተዉት፤ ነፋሱ ከበረታ ድንጋዩ ሰው ላይ ነው የሚወርደው።

የግብርና ባለሙያ፦
በቆሎውን ዛሬውኑ ለዩት፤ የረጠበው ከደረቁ ጋር አይደር። ሸራ ላይ ሳሳ አድርጋችሁ አስጡት፣ እያገላበጣችሁ፣ ማታ ማታ አስገቡት። መድረቁን ለማወቅ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ፍሬና ደረቅ ጨው ጨምራችሁ ደህና አድርጋችሁ ነቅንቁ። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ገና ነው። የሻገተውን ለጠላም ለከብትም አትስጡ። የሻጋታው መርዝ በማብሰል አይጠፋም፣ ላሟ ብትበላውም በወተቷ ይመጣል። አውቃለሁ፣ እህል መጣል ያማል።

ሌላ አባል፦
ጥገና ከመጀመራችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሡ፤ የወደቀውን ጣሪያም፣ የረጠበውን እህልም። ቀበሌ ሄዳችሁ አስመዝግቡና ወደ ወረዳው አደጋ መከላከል ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ያጽፉላችሁ። እርዳታው ይምጣም አይምጣ ሥራውን እሱን ጠብቃችሁ አታቆዩት። ለእድሩም ንገሩ፤ ደቦ ከተጠራ ጣሪያ መመለስ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 905 ደውለን ተመዝግቧል፤ አጥሩ አጠገብም ማንም አይደርስም። ጋሼ፣ የነገሩኝን ለወንድሜ አነበብኩለት፤ ሄዶ ሲያይ ከቋሚዎቹ አንዳንዶቹ ከሥራቸው በምስጥ ተበልተዋል። ሽቦው ቢታሰርም ይይዛል?

አናጢ፦
አይይዝም፤ ከቋሚው ጋር አብሮ ይነቀላል። ጥሩ ነው ማየቱ። ቢላ እየወጋ ይፈትናቸው፤ ያለ ጉልበት የሚሰምጥበት ሁሉ ይቀየር። ግን በአንዴ አይንቀሉ! አጠገቡ ባላ አስደግፈው አንዱን ቀይረው ከጨረሱ በኋላ ወደ ሌላው ይለፉ፤ ረጥቦ የከረመ ግድግዳ ይናዳል። አዲሱ ቋሚ የደረቀ ይሁን፣ መሬት የሚገባው ክፍል የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ከሥር ጠጠር ይደረግ። እስከዚያ ክፍት የሆነውን በሸራ ሸፍኑ፤ በገመድ ብቻ አይበቃም፣ ጠርዙ ላይ አጠና አጋድማችሁ ከነሸራው ምቱት። ቋሚው ሲያልቅ የወጋግራውን ፎቶ ላኪልኝና የት የት እንደሚታሰር ምልክት አድርጌ እመልስልሻለሁ።