የጓሮ በር የሚከፍት ቫይረስ በየጠዋቱ ይመለስብኛል፤ ማጽዳት ይበቃል ወይስ ፎርማት ላድርገው?

ጠያቂ (ሐዋሳ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ለአምስት ትንንሽ ነጋዴዎች ሒሳብ የምሠራው ዊንዶውስ 10 ባለው አንድ ላፕቶፕ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬ የሒሳብ ፕሮግራም ከነክራኩ (ያለክፍያ እንዲሠራ ከሚያደርገው ሕገወጥ ፋይል ጋር) በፍላሽ ሰጠኝ፤ ከክራኩ ጋር ያለው መመሪያ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» ስለሚል እንደታዘዝኩት አጥፍቼ ጫንኩት፤ ፕሮግራሙም በደንብ ሠራልኝ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ማታ ሥራ ላይ ሳለሁ የካሜራው መብራት ለአፍታ በርቶ ሲጠፋ አየሁ። ደንግጬ አንቲቫይረሱን ሳበራው ስሙ «ባክዶር» (የጓሮ በር) በሚል ቃል የሚጀምር ነገር አግኝቶ አጠፋ፤ በማግስቱ ጠዋት ላፕቶፑን ስከፍት ያው ማስጠንቀቂያ ተመልሶ መጣ፤ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። የደንበኞቼ የግብር ፋይልና የደረሰኝ ቅጂ ሁሉ እዚያው ላይ ስላለ ፎርማት ለማድረግ ፈርቻለሁ። ይህ ነገር እንዴት ገባ? ጠፋ ከተባለ በኋላስ ለምን ይመለሳል?

መልስ (የኔትወርክ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ)፦

ከሁሉ አስቀድመው ዋይፋዩን ያጥፉ፤ የኔትወርክ ገመድ ካለውም ይንቀሉት፤ ቀሪውን በስልክዎ ያንብቡ። ብዙ ሰው ሰርጎ ገቡ ውጭ ሆኖ በር የሚያንኳኳ ይመስለዋል፤ በአብዛኛው ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እርስዎ ክራኩን ሲከፍቱ አብሮ የገባው ፕሮግራም ከውስጥ ሆኖ ራሱ ወደ አዛዡ ሰርቨር፣ ማለትም ሰርጎ ገቡ ትእዛዝ ወደሚሰጥበት ኮምፒውተር፣ ይደውላልና የሚሠራውን ይጠይቃል። የኔትወርክ ግንኙነትን የሚቆጣጠረው ፋየርዎል ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚከለክለው ከውጭ የሚመጣውን እንጂ ከውስጥ የሚወጣውን ስላልሆነ፣ ግንኙነቱ ተራ ድረ ገጽ እንደከፈተ ሰው ሆኖ ያልፋል። ከዚያ በኋላ በሩን የያዘው ሰው የሚጽፉትን ማንበብ፣ ካሜራ ማብራት፣ ፋይል መውሰድና ሌላ ቫይረስ መጫን ይችላል። ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ግን አዛዡም ይቋረጣል።

ስለመመለሱ ላስረዳ። አንቲቫይረሱ የሚያጠፋው የሚታየውን ፋይል ነው፤ ያንን ፋይል በየጠዋቱ እንደ አዲስ የሚያወጣው ሌላ ፋይል ግን የሆነ ቦታ ተቀምጧል። ሁለት ቦታ ይመልከቱልኝ። አንደኛው በዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ «ኤክስክሉዥን» የሚለው ዝርዝር ነው፤ አንቲቫይረሱ እንዳይፈትሻቸው የተባሉ ፎልደሮች የሚመዘገቡት እዚያ ነው፤ አንቲቫይረስ እንዲጠፋ የሚያዝዝ ክራክም ብዙ ጊዜ የራሱን ፎልደር እዚህ ያስገባል። ሁለተኛው፣ ፕሮግራሞችን በተወሰነ ሰዓት በራሱ የሚያስነሣው ታስክ ስኬጁለር ነው፤ የታወቀ ፕሮግራም ማሻሻያ የሚመስል ስም ይዞ፣ የሚያስነሣው ፋይል ግን አፕዳታ ወይም ቴምፕ በሚባሉት፣ ፕሮግራሞች የራሳቸውን መረጃና ጊዜያዊ ፋይል በሚያስቀምጡባቸው ፎልደሮች ውስጥ የሆነ ነገር ካለ ይጠርጥሩት። ማይክሮሶፍት በነፃ የሚሰጠው አውቶረንስ የሚባል ፕሮግራም፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረው የሚነሡትን ሁሉ፣ በሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች መዝገብ) ውስጥ የተደበቁትን ጭምር፣ በአንድ ገጽ ያሳያል።

መልስ (የኮምፒውተር ጥገና፣ ባሕር ዳር)፦

ወንድሜ፣ ፎርማት የመጨረሻው አማራጭ መሆን አለበት ባይ ነኝ። ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ውስጥ «ኦፍላይን ስካን» የሚባል አለ፤ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ዊንዶውስ ሳይነሣ ስለሚፈትሽ ቫይረሱ ራሱን ለመከላከል ዕድል አያገኝም፤ የሚወስደውም 15 ደቂቃ ያህል ነው። እኔ ዘንድ ከሚመጡት አብዛኞቹ ፍላሽ ላይ ያሉ ፎልደሮችን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ አቋራጭ) የሚያስቀምጠው ቫይረስ የያዛቸው ናቸው። ሾርትከቱ ሲከፈት ፎልደሩም ይከፈታል፣ ከጀርባ የቫይረሱ ስክሪፕትም (ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል) ይነሣል፤ ባለቤቱም ፋይሉ ስለተከፈተለት ምንም አይጠረጥርም። እነዚህን የተደበቁትን ፋይሎች አውጥቼ ስክሪፕቱን በማጥፋት ብቻ ያለፎርማት መልሻቸዋለሁ።

መልስ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦

በክራክ ብቻ አይደለም የሚገባው፤ እኛ እዚህ ያለን ኢትዮጵያውያን ይህን በደንብ እናውቀዋለን። በፈረንጆቹ 2013 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ባወጣው ጥናት፣ ፊንስፓይ የተባለው የስለላ ፕሮግራም የግንቦት 7 አባላትን ፎቶ ማጥመጃ አድርጎ ይሰራጭ እንደነበር ታውቋል። በዲሴምበር 2017 ባወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ በውጭ አገር ለሚኖሩ የመንግሥት ተቺዎች ኢሜይል እየተላከ፣ ሊንኩን ተከትለው ቪዲዮ ለማየት ሲሞክሩ የአዶቤ ፍላሽ ማሻሻያ የሚመስል ፋይል እንዲጭኑ ይጠየቁ እንደነበር አሳይቷል። ለዚህ ነው ለማውቀው ሰው ሁሉ በፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ የፋይል ማራዘሚያ ስም እንዲታይ አድርጉ የምለው። ዊንዶውስ ማራዘሚያውን ስለሚደብቅ፣ ስሙ «ደብዳቤ.ፒዲኤፍ» መስሎ የሚታየው ፋይል መጨረሻው «ኢኤክስኢ» ሊሆን ይችላል፤ ይህም ማለት ሰነድ ሳይሆን ፕሮግራም ነው።

መልስ (የኔትወርክ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ)፦

የባሕር ዳሩ ወንድማችን ስለሾርትከቱ ቫይረስ ያሉት ትክክል ነው፤ እሱ በራሱ የሚባዛና ጠባዩ የታወቀ ነው። እዚህ ግን ካሜራ ያበራ ሰው አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እጁን ውስጥ ያስገባ ሰው ሌላ የተጠቃሚ አካውንት ሊፈጥር፣ ወይም እንደ ኤኒዴስክ ያለ ሕጋዊ የርቀት መቆጣጠሪያ ሊጭን ይችላል፤ አንቲቫይረስ ደግሞ ይህን እንደ ቫይረስ አይቆጥረውም። ስካኑ «ንጹሕ ነው» ቢልም፣ የሰው ግብር የሚሠራበትን ማሽን በዚያ ቃል ብቻ ማመን አልችልም። ስለዚህ የእኔ ምክር ፎርማት ነው።

ፋይሎችዎ አይጠፉም። ኤክሴሎችን፣ ፒዲኤፎችንና ፎቶዎችን ብቻ ወደ ባዶ ፍላሽ ይገልብጡ፤ ፕሮግራም፣ ስክሪፕትና ሾርትከት አንድም አይውሰዱ። የዊንዶውስ መጫኛውን በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርደው ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሆነ ሌላ ፍላሽ ያዘጋጁ፤ ሲጭኑም የድሮዎቹን ፓርቲሽኖች (የዲስኩን ክፍልፋዮች) በሙሉ ይሰርዙ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላቆመ፣ ላፕቶፑ የሚችል ከሆነ 11ን ይጫኑ።

ከፎርማቱ ሳይቀር የሚቀድመው ግን የይለፍ ቃል ነው። ዛሬውኑ በስልክዎ፣ በዚያ ላፕቶፕ በፍጹም ሳይሆን፣ ከኢሜይሉ ጀምረው ሁሉንም ይቀይሩ። መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ሰርጎ ገቡ በብራውዘሩ የተቀመጠውን የመግቢያ ፈቃድ ወስዶት ከሆነ ያለይለፍ ቃልም ሊገባ ስለሚችል፣ «ከሁሉም መሣሪያ ውጣ» የሚለውን ይጫኑ። በቴሌግራምም «ዲቫይስስ» ውስጥ ገብተው ከስልክዎ በቀር ሌሎቹን ሁሉ ያቋርጡ።

ጠያቂ (ሐዋሳ)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዋይፋዩን እንዳጠፋሁ የኤክስክሉዥን ዝርዝሩን ከፈትኩ፤ እኔ ያላስገባሁት አንድ ፎልደር ተመዝግቦበታል፤ ቦታው አፕዳታ ውስጥ ነው። ታስክ ስኬጁለር ውስጥ ደግሞ የብራውዘር ማሻሻያ የሚመስል ስም ያለው፣ በየጠዋቱ 2 ሰዓት የሚነሣ ሥራ አገኘሁ፤ የሚያስነሣውም ከዚያው ፎልደር ያለውን ፋይል ነው። አንቲቫይረሱ የሚያጠፋው ቴምፕ ውስጥ የወጣውን ቅጂ ብቻ እንደነበር አሁን ገባኝ። የይለፍ ቃሎቼን በስልኬ ቀይሬያለሁ፤ አምስቱንም ደንበኞቼን ደውዬ የሆነውን ነግሬያቸዋለሁ፤ ነገ ከጎረቤቴ ኮምፒውተር መጫኛውን አዘጋጅቼ ፎርማት አደርጋለሁ። ፍላሹን ለሰጠኝ ባልደረባዬም ደወልኩለት፤ በስልክ እየመራሁት ዝርዝሩን ሲከፍት የእሱም ኮምፒውተር ላይ ያው ፎልደር ተመዝግቦ አገኘው።