መርከቡ በየደሴቱ ሲቆም የትኛውን ገንዘብ ልያዝ?

ሰላም ለሁላችሁ። ከእናቴ ጋር በካሪቢያን ደሴቶች በመርከብ ልንዞር ነው። የገንዘቡ ነገር ግን ግራ አጋብቶኛል፤ እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ።

ባርቤዶስ፣ ሴንት ሉሲያና ማርቲኒክ ላይ እንቆማለን። ባርቤዶስ የራሷ ዶላር አላት፤ ሁለቱ በአንድ የአሜሪካ ዶላር ይመነዘራል። ሴንት ሉሲያ የምሥራቅ ካሪቢያን ዶላር ነው የምትጠቀመው፤ ምንዛሬው እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ለአንድ የአሜሪካ ዶላር 2.70 ላይ ነው። ማርቲኒክ የፈረንሳይ ግዛት ስለሆነች በዩሮ ነው። ታዲያ ለጥቂት ሰዓት ቆይታ ሦስት ዓይነት ገንዘብ ልመንዝር?

የመርከቡ ወጪ አያሳስበኝም። በክፍላችን ካርድ ይመዘገብና መጨረሻ ላይ ከባንክ ካርዴ ይቆረጣል።

ጭንቀቴ ስንወርድ ነው። በባርቤዶስና በሴንት ሉሲያ ብዙ ቦታ የአሜሪካ ዶላር ይቀበላሉ፤ መልስ የሚሰጡት ግን አብዛኛውን ጊዜ በአገሩ ገንዘብ ነው። ትንሽ ነገር በ50 ዶላር ኖት ብገዛ፣ ሌላ ቦታ የማይሠራ ብር ታቅፌ ልቀር ነው። ዋጋው ላይ የዶላር ምልክት ብቻ ሲኖርስ? 27 የምሥራቅ ካሪቢያን ዶላር ማለት 10 የአሜሪካ ዶላር ነው፤ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። እናቴ ገበያ መሀል እንድትጨናነቅ ደግሞ በፍጹም አልፈልግም።

ባለ 1 እና ባለ 5 ዶላር ኖቶች ብይዝ ይበቃኛል? ለማርቲኒክስ ዩሮ ቀድሜ ልመንዝር ወይስ እዚያው ከኤቲኤም ላውጣ? በተለይ ታክሲና ገበያ ላይ እንዴት እንደከፈላችሁ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።