አዲስ የተገጠመው የምግብ ትራፊ መፍጫ ያፈሳል፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ከኩሽናችን ሲንክ ስር የምግብ ትራፊ መፍጫ ማሽን ካስገጠምን ሦስት ሳምንት ሆነን። ገጣሚው በጣም ቸኩሎ ነበር፤ ውሃ ለቆ እንኳን ሳያሳየን ሄደ። አሁን የቁም ሳጥኑ ወለል ሁሌ እርጥብ ነው። እንጨቱም ማበጥ ጀምሯል፤ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

እስካሁን ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ሶኬቱን ነቀልኩ፣ ሁሉንም በጨርቅ አደረቅኩ፣ ከዚያ ሲንኩን ደፍኜ ውሃ ሞላሁት። ማሽኑ ሳይነሳም ከላይ፣ ከሲንኩ ጋር ከሚጋጠምበት አንገት ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ውሃውን ስለቀው የጎኑ ቱቦ ደረቅ ነው። ከታች በሞተሩ በኩልም ምንም የለም፤ እዚያ ቢሆን ኖሮ የውስጡ ጎማ አልቋል ማለት ነበር፣ ተመስገን። ባትሪ አብርቼ ሳይ ከሦስቱ ማጥበቂያ ብሎኖች አንዱ ላልቷል። ከብረት ቀለበቱ ስር ማሸጊያ የተደረገም አይመስለኝም፤ ሲሊኮን ግን ከውጭ ተለቅልቋል።

ብሎኖቹን እኩል ባጠብቃቸው ይበቃል? ወይስ ማሽኑን አውርጄ፣ ሲሊኮኑን ፍቄ እንደ አዲስ ልግጠመው? ደግሞ ከባድ ነው፤ ብቻዬን ሳወርደው ከስሩ ምን ላስደግፈው? የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።