ርካሽ ወይንና አረቄ በቤታችን ቀምሶ ነጥብ መስጠት፦ እንዴት እናድርገው?

ጦሳ ግርጌ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ደሴ፣ ሆጤ ነው። ጓደኛሞች በየወሩ በተራ ቤት ለቤት እንገናኛለን፤ የሚቀጥለው ተራ የእኔ ነው። በተገናኘን ቁጥር አንዱ "ጉደርን የሚያህል የለም" ይላል፣ ሌላው "አካሺያን ቀምሰህ ነው?" ይለዋል፣ ክርክሩ ሳይቋጭ ይመሻል። አሁን ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ ቀምሰን፣ ነጥብ ሰጥተን እንለየው ብለናል። ውድ የውጭ ወይን አንገዛም፤ ኪሳችን የሚችለው የአገር ውስጡን ነው። ያሰብነው ጉደር፣ አክሱማይት፣ የሪፍት ቫሊ ሜርሎ እና አካሺያ ቀይ ነው። ከጠንካራው ደግሞ ጂን፣ ኡዞ፣ እና አንዱ ልጅ ከገጠር አስመጣለሁ ያለው ዳግም አረቄ አለ። የወይን ብርጭቆ የለኝም፣ ያለኝ የሻይ ብርጭቆና መለኪያ ነው። በምን ቅደም ተከተል እንቅመስ? ስንት እንቅዳ? ነጥቡንስ እንዴት እንስጥ? ከመካከላችን የማይጠጡ ሁለት ልጆችም አሉ፤ እነሱ ይቅዱልን ወይ ብዬ አስቤ ነበር።

የሐረጎ መንገደኛ፦
ከሁሉ በፊት ጠርሙሱን ሸፍኑት። ይህን ካላደረጋችሁ ሌላው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው፤ ምላስ የሚፈርደው ዓይን ያየውን ይዞ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተመራማሪዎች አንዱን ወይን አንዴ የ10 ዶላር፣ አንዴ የ90 ዶላር ነው እያሉ አቀመሱ። ሰዎቹ የ90 ዶላሩን የበለጠ ወደዱት። ወይኑ ግን አንድ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሰው ሌላ ክፍል ይግባና እያንዳንዱን ጠርሙስ እስከ አንገቱ በጋዜጣ ይጠቅልል፣ ቡሹንና ክዳኑን አውጥቶ ይደብቅ። እሱ ይውጣ። ከዚያ ሌላ ሰው ገብቶ ቦታቸውን ያዘበራርቅና ቁጥር ይጻፍባቸው። እንዲህ ከሆነ የትኛው የቱ እንደሆነ ማንም አያውቅም፣ የጠቀለለውም ጭምር።

የምትቀዱት 50 ሚሊ ሊትር ይበቃል። አንድ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለ15 ሰው ይደርሳል ማለት ነው፣ ስለዚህ ከየዓይነቱ አንድ ብቻ ግዙ።

ደረቁን (ጣፋጭነት የሌለውን) ወይንና ጣፋጩን ደግሞ አትቀላቅሉ። አክሱማይት ጣፋጭ ነው፤ እሱን ቀምሶ ወደ ደረቅ ሜርሎ የሚሄድ ሰው ሜርሎውን ኮምጣጤ ሊለው ይችላል። ደረቆቹን አስቀድሙ፣ ትንሽ አረፍ በሉ፣ ከዚያ ጣፋጮቹን። አካሺያውን ስትገዙ ጣፋጭ ይሁን ደረቅ ጠርሙሱ ላይ አንብባችሁ ምድቡን ለዩ። ነጭ ወይን ከጨመራችሁ ከቀዩ በፊት ይሁን።

እቴ ቡና፦
ቡና መቅመስ ሥራዬ ስለሆነ ስለ ቤቱ ልናገር። ወንድሜ፣ የዚያን ቀን ዕጣን አታጭስ። ቡናም አትቁላ። የእኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደረገው ይሄው እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ዕጣን በጨሰበት ክፍል የትኛውም ወይን የሚሸተው ዕጣን ዕጣን ነው። ቡናው ከቅምሻው በኋላ ይፈላ። ሽቶ ተቀብቶ የሚመጣ እንዳይኖር አስቀድመህ ንገራቸው፣ ሲጋራም ውጭ። በርበሬ ያለበት ምግብም ቅምሻው እስኪያልቅ ይቆይ። መሐል ላይ አፍ የሚያጸዳው ጨው ያልበዛበት ነጭ ዳቦና ውሃ ነው።

የሻይ ብርጭቆ ምንም አይልም፣ ዋናው ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ብርጭቆ መያዙ ነው። ከሩብ በላይ አትሙላው። ቀድተህ በሻይ ሰሐን ክደነውና ትንሽ ቆይ፤ መዓዛው ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚያ ሰሐኑን አንሥተህ አፍንጫህን አስጠጋ። የመጀመሪያው ማሽተት ነው ብዙ የሚነግርህ፣ ሲደጋገም አፍንጫ ይለምደዋል። ስትቀምስም ቶሎ አትዋጥ። ምላስህ ላይ አዙረው። ስኳር ያልገባበት ወፍራም ሻይ እንደሚያደርገው ድድህን ከያዘህ ታኒን ነው፣ ምራቅህ ከመጣ ደግሞ ኮምጣጣነቱ። ሁለቱን ብዙ ሰው "መራራ ነው" ብሎ በአንድ ያልፋቸዋል። ለየብቻ ጻፏቸው።

ቦርከና ዳር፦
እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። ስለ ሙቀት ማንም አላነሣም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እኛ 1,850 ገደማ፤ ስለዚህ እናንተ ጋ ማታ ቀይ ወይን ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ይስማማዋል፣ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ነው የሚፈለገው። እዚህ ኮምቦልቻ በሞቃት ወር ግን ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ካላቆየነው አልኮሉ ብቻ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ነጭ ከሆነ ደግሞ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ፣ የትም ብትሆን ፍሪጅ ያስፈልገዋል።

ስትገዛም ሱቁን ተመልከት። ፀሐይ በሚመታው መስታወት አጠገብ የተደረደረውን ተወው። ቡሹ ወደ ላይ ገፍቶ ከወጣ ወይም አንገቱ ላይ የፈሰሰ ነገር ካለ ወይኑ ሙቀት አግኝቶታል። እንዲህ ያለ ጠርሙስ ቀምሰህ "ጉደር አይረባም" ብትል በወይኑ ላይ መፍረድ አይደለም፣ በባለሱቁ መደርደሪያ ላይ ነው።

ሰኞ ገበያ፦
የማይጠጡትን ልጆች ቅዱልን አትበሏቸው። በሃይማኖት ምክንያት የማይጠጡ ከሆነ ለሙስሊም መጠጣቱ ብቻ ሳይሆን መቅዳቱም ክልክል ነው፣ እንቢ ማለት ደግሞ ይከብዳቸዋል። ጓደኛን እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ማቆም አይገባም። ለእነሱ የማር ቅምሻ አዘጋጅላቸው። ከተለያየ ቦታ የመጣ ነጭና ቀይ ማር ገዝተህ በቁጥር አስቀምጥ፣ ሁላችሁም ቅመሱ። እኔን ብትጠይቀኝ ከወይኑ የበለጠ የሚያከራክራችሁ እሱ ነው።

ጦሳ ግርጌ (ጠያቂ)፦
ልክ ነህ፣ አንደኛው በሃይማኖቱ ነው። አመሰግናለሁ፣ ማሩን እናደርገዋለን። ስለ ነጥቡና ስለ ጠንካራው መጠጥ የሚያውቅ አለ?

የሐረጎ መንገደኛ፦
ነጥቡ ከ20 ይሁን። ለመልክ 2፣ ለሽታ 6፣ ለጣዕም 8፣ ከተዋጠ በኋላ አፍ ውስጥ ለሚቆየው 4። ሁሉም በየወረቀቱ ጽፎ እስኪጨርስ ማንም አይናገር። አንድ አፈኛ ሰው "ይሄማ ውሃ ነው" ካለ የሌላው ሁሉ ነጥብ ይወርዳል። ዋጋው የሚጠየቀው ጋዜጣው ከተገለጠ በኋላ ነው፦ "በዚህ ብር ደግመህ ትገዛዋለህ?" አዎ ወይም አይ፣ በቃ።

አራዳ ልጅ፦
እኔ ቁጥር አላምንም። አንዱ ደግ ነው ለሁሉም 15 ይሰጣል፣ ሌላው ቆጣቢ ነው ከ9 አያልፍም። እነዚህን ደምሮ ለአራት ማካፈል ምን ይረባል? ዝም ብላችሁ በደረጃ አስቀምጡ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ።

የሐረጎ መንገደኛ፦
ድምሩን በተመለከተ እውነትህን ነው፣ አሸናፊውን ለመለየት ደረጃው ይሻላል። ነጥቡ ግን ሰው ለምን እንደወደደው እንዲያስብ ያስገድደዋል፣ ስለዚህ ሁለቱንም እፈልጋቸዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። አንዱን ወይን በሁለት ቁጥር ደብቁት። ለምሳሌ ጉደሩን ግማሹን ታጥቦ በደረቀ ባዶ ጠርሙስ ገልብጣችሁ እሱንም ጠቅልሉት። አራት ወይን ነው ያላችሁት፣ ቀማሹ ፊት ግን አምስት ቁጥር ይቀርባል። አንድ ሰው ለአንዱ 16፣ ለዚያው ወይን ድጋሚ 9 ከሰጠ የእሱ ወረቀት ለክርክሩ አይጠቅምም። 14 እና 15 ከሰጠ ደግሞ የሚለውን ስሙት። እንዲህ ካላደረጋችሁ በሚቀጥለው ወር ያው ክርክር ይቀጥላል። አገላባጩ ሰው ግን በዚያ ዙር አይቅመስ።

የመድኃኒት ቤቱ፦
ስለ ጠንካራው እኔ ልመልስ። በመጀመሪያ ወይኑንና አረቄውን በአንድ ማታ አታድርጉት። አምስት ጊዜ 50 ሚሊ ሊትር ወይን 250 ነው፤ 12 በመቶ አልኮል ካለው ንጹሕ አልኮሉ 30 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ይህ 40 በመቶ ከሆነ ጂን 75 ሚሊ ሊትር እንደመጠጣት ነው። በዚያ ላይ አረቄ ከተጨመረ ምላስም ፍርድም የለም። ባለሙያዎቹ ቀምሰው ይተፋሉ፣ እናንተም አንድ ባሊ አስቀምጡ፣ ነውር የለውም። ወደ ኮምቦልቻ የሚመለስ ካለ ደግሞ እዚያው ይደር፤ ጠጥቶ የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርድ ሰው አይኑር።

ለጂኑ 15 ሚሊ ሊትር በቂ ነው። መጀመሪያ እንዳለ አሽቱት፣ አፍንጫ ሳትቀብሩ፣ አፋችሁን በትንሹ ከፍታችሁ። ከዚያ እኩል ውሃ ጨምሩበት። 40 በመቶው 20 ይሆናል፣ ማቃጠሉ ይቀንስና ከሥሩ ያለው ሽታ ይወጣል። ውስኪ የሚያዋህዱ ባለሙያዎችም በዚህ መጠን ነው የሚያሸቱት። ርካሽ መጠጥ ጉድለቱን በማቃጠል ስለሚሸፍን ውሃው ያጋልጠዋል። ኡዞ ውሃ ሲነካው ነጭ ቢሆን አትደንግጡ፤ ለኡዞ መዓዛ የሚሰጠው የአኒስ ቅመም ዘይት በአልኮል ይሟሟል፣ በውሃ አይሟሟም፣ ያ ነው።

አሁን ስለ ዳግም አረቄው። ማን እንዳወጣው የማታውቁት ከሆነ ከቅምሻው ይውጣ። ሜታኖል (መርዛማ የአልኮል ዓይነት) የተቀላቀለበት መጠጥ በመቅመስም በማሽተትም አይለይም። በክብሪት ለኩሶ ነበልባሉን ማየት የሚሉት ነገርም አያስተማምንም፣ ሜታኖሉም የሚጠጣው አልኮልም ሰማያዊ ሆነው ይነዳሉ። ጉዳቱም ወዲያው አይታይም፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ራስ ምታት፣ የሆድ ሕመም፣ ማስመለስ፣ ዓይን መደብዘዝ ይመጣል። እንዲህ ያለ ምልክት የታየበት ሰው "ስካሩ ነው" ተብሎ አይተኛ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይወሰድ። ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። ጓደኛህ ቅር ቢለው ይለው።

እቴ ቡና፦
የተረፈውን አትድፉት። ከቅምሻው በኋላ በየጠርሙሱ ግማሽ ይቀራል፣ ወይንን ደግሞ የሚያበላሸው አየር ነው። በደንብ የታጠበ ትንሽ ሃይላንድ ውሰድና እስከ አፉ ሞልተህ ክደን፣ ፍሪጅ ውስጥ አስገባ። ቀዩም ቢሆን ፍሪጅ ነው የሚገባው፤ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቆያል። ልትጠጣው ስትል ግማሽ ሰዓት ቀድመህ አውጣው። የየትኛው ወይን እንደሆነ ሃይላንዱ ላይ ጻፍበት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ማለት ከጀመረ ለጥብስ ሥጋ መዘፍዘፊያ ይሆናል። ጂኑና ኡዞው ክዳናቸው ከተጠበቀ ወራት ይቆያሉ፣ ግን ቆመው ይቀመጡ።