ኩላሊት የተተከለለት ሰው ቲቢ ሲይዘው የታክሮሊመስ መጠን ለምን ይጨመራል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። እህቴ ኩላሊት ከተተከለላት ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ሌሊት እያላባት ትኩሳቱም አልለቅ ስላላት ስትመረመር፣ አንገቷ ላይ ካበጠው እጢ በተወሰደ ናሙና ቲቢ ተገኘባት። አራቱን መድኃኒቶች ከጀመረች በኋላ ሐኪሟ ታክሮሊመሱን በእጥፍ ጨመሩላት። የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት አሁን መጨመሩ ቲቢውን አያባብሰውም? ቤተሰቡ ጭማሪውን እንዳትወስድ ሊነግራት እያሰበ ነው።

መልስ 1 (ፋርማሲስት)፦
እባካችሁ፣ ሐኪሟን ሳታማክሩ ይህን አታድርጉ። ከአራቱ የቲቢ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን በጉበትና በአንጀት ውስጥ ታክሮሊመስን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞችን ስለሚያበረታ፣ የምትውጠው ያው ሆኖ ሳለ ደሟ ውስጥ የሚገኘው እጅግ ያንሳል፤ ያን ጊዜ ሰውነቷ የተተከለውን ኩላሊት ሊያጠቃው ይችላል። መጠኑ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 እጥፍ የሚያድገው ስለዚህ ነው። መታየት ያለበት የክኒኑ ብዛት ሳይሆን በደም ውስጥ ያለው መጠን ነው፤ ለምርመራው ደም የምትሰጠውም የጠዋቱን ክኒን ከመዋጧ በፊት ነው፤ ውጣ ከሄደች ውጤቱ ከፍ ብሎ ሐኪሙን ያሳስታል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሕክምናው ማብቂያ ነው። ሪፋምፒሲን በቆመ በ2 ሳምንት ገደማ ውጤቱ እየጠፋ ስለሚሄድ፣ ታክሮሊመሱ በዚያው ልክ ካልተቀነሰ ራሱ ኩላሊቱን ይጎዳል። የቲቢ መድኃኒቷን ከጤና ጣቢያ የምትወስድ፣ ለኩላሊቷ ደግሞ ሌላ ቦታ የምትታይ ከሆነ፣ የሚቆምበትን ቀን ሁለቱም ወገኖች አስቀድመው እንዲያውቁ አድርጉ።

መልስ 2 (የውስጥ ደዌ ሐኪም)፦
በዚህ እስማማለሁ። በሪፋምፒሲን ፋንታ የሚሰጠው ሪፋቡቲን በሚገኝበት ቦታ፣ ኢንዛይሞቹን የሚያበረታው በመጠኑ ስለሆነ የተሻለ አማራጭ ሊሆን ይችላል፤ የደም ክትትሉን ግን አያስቀርም። ከአራቱ መድኃኒቶች ሦስቱ ጉበትን ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ወይም ማስመለስ ከጀመራት ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ ትምጣ። የእጅና የእግር መደንዘዝን የሚከላከለው ቫይታሚን ቢ6 መታዘዙንም ጠይቁ።

መልስ 3 (ዲያሊሲስ፣ ማለትም የኩላሊት እጥበት ላይ ያለሁ)፦
ወንድሜ ኩላሊቱን ሊሰጠኝ ነው። እኛስ አስቀድመን ለቲቢ መመርመር አለብን?

መልስ 4 (የውስጥ ደዌ ሐኪም)፦
አዎ፣ ሁለታችሁም። በአገራችን ለጋሹ በሕይወት ያለ ዘመድ ስለሆነ ለዚህ በቂ ጊዜ አለ። ዲያሊሲስ ላይ ባለ ሰው የቆዳ ምርመራው ቲቢ ኖሮም የለም ሊል ስለሚችል፣ በልጅነትዎም ቢሆን ቤታችሁ ውስጥ ቲቢ የታመመ ሰው ከነበረ ለሐኪምዎ ይንገሩ። የመከላከያ ሕክምና ካስፈለገዎ ታክሮሊመስ ሳይጀምሩ መውሰዱ እጅግ ይቀላል።