ከ«ጄን ኤር» በኋላ የትኛውን የቪክቶሪያ ዘመን ልብ ወለድ ላንብብ?

የለገሃሩ አንባቢ፦

ጤና ይስጥልኝ። «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ»ን በተማሪነቴ ያነበብኩት አጥሮና ቀሎ የተዘጋጀውን ቅጂ ነበር፤ ባለፈው ክረምት ሙሉውን አግኝቼ ሳነበው ግን በትምህርት ቤት የማውቀው አጽሙን ብቻ እንደነበር ገባኝ። ከዚያ «ጄን ኤር»ን በሦስት ሳምንት ጨረስኩ። በዚሁ ሞቅታ «ሚድልማርች»ን ጀምሬ ዐሥረኛው ምዕራፍ ላይ ቆምኩ፤ ይኸው አራት ወር ሆኖት ከራስጌዬ ተቀምጦ ይታዘበኛል።

አሁን በእጄ ያሉት አራት መጻሕፍት ናቸው፤ የዲክንስ «ብሊክ ሃውስ»፣ የኤምሊ ብሮንቴ «ዋዘሪንግ ሃይትስ»፣ የቶማስ ሃርዲ «ቴስ» እና የጄን ኦስተን «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ»። የማነበው በምሳ ሰዓትና ማታ ከመተኛቴ በፊት ስለሆነ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ አላገኝም። «ብሊክ ሃውስ»ን የገዛሁት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት የአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ሲሆን፣ የቀድሞው ባለቤት የከበዱትን ቃላት ትርጉም በእርሳስ ከየመስመሩ በላይ በአማርኛ ጽፎበታል። ስለ ለንደን አየር በሚያወራው የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ጉም» ብሎ ጽፎ ሰርዞ «ጭጋግ» ብሏል። ይህ ሁሉ ትጋት እስከ ገጽ 19 ይዘልቅና ከዚያ ወዲያ ያለው ወረቀት የሰው እጅ የነካው አይመስልም። የእርሱ ዕጣ እንዳይደርሰኝ ሰግቻለሁ። የትኛውን ላስቀድም? «ሚድልማርች»ንስ ልመለስበት ወይስ ይቅርብኝ?

ጡረተኛው መምህር፦

በቅድሚያ አንዲት እርማት ልድፈር። ንግሥት ቪክቶሪያ ዙፋን ላይ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1837 ሲሆን ጄን ኦስተን የሞተችው ከዚያ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ በ1817 ስለሆነ፣ መጽሐፏ ግሩም ቢሆንም ከጠየቁት ዘመን ውጭ ነው። (የሐበሻ ልዑል ታሪክ ስለሆነ ብቻ የሳሙኤል ጆንሰንን «ራስላስ» እዚሁ ዘመን ውስጥ የሚከቱ ሰዎች ገጥመውኛል፤ እርሱ ደግሞ የ1759 ሥራ ነው።)

«ሚድልማርች» ላይ መቆምዎን ከስንፍና አልቆጥረውም። ጆርጅ ኤልየት በሚል የብዕር ስም የጻፈችው ሜሪ አን ኤቫንስ መጽሐፉን ከ1871 መጨረሻ ጀምሮ በስምንት ክፍል እየከፈለች አንድ ዓመት ያህል ወስዳ ነው ያሳተመችው፤ የመጀመሪያዎቹ አንባብያን አንዱን ክፍል ጨርሰው ቀጣዩን መጠበቅ ነበረባቸው። እኛ ግን ሰማንያ ስድስቱን ምዕራፍ በአንድ ጥራዝ ተረክበን ፈተና እንደደረሰበት ተማሪ እንጣደፋለን። «ብሊክ ሃውስ»ም እንዲሁ ከ1852 እስከ 1853 በየወሩ በጥቂት በጥቂት ምዕራፍ የወጣ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ያደመጠ ሰው ይህን ዓይነቱን ንባብ አሳምሮ ያውቀዋል፤ በዛብህ ምን ይገጥመው ይሆን እያሉ እስከሚቀጥለው ዝግጅት መሰንበት ራሱ የታሪኩ ጣዕም ነበር።

እንግዲህ ምርጫዬ «ብሊክ ሃውስ» ነው። የጃርንዳይስ ቤተሰብ የውርስ ሙግት በቻንስሪ ፍርድ ቤት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ሲደራረብ፣ የክርክሩን ጭብጥ በቅጡ የሚያውቅ ሰው እየጠፋ የጠበቆቹ ሒሳብ ብቻ ሲያድግ ማንበብ ለእኛ አገር ሰው ማብራሪያ አያሻውም። የታሪኩን ከፊል ኤስተር የተባለች ወጣት በራሷ አንደበት ትተርከዋለች፤ ድምፅዋ የሚሰማው ከምዕራፍ ሦስት ጀምሮ ስለሆነ ጭጋጉን ለሁለት ምዕራፍ ብቻ ይታገሡት። ያ የእርሳሱ ባለቤት ሊያገኛት ምናልባት ጥቂት ገጽ ነበር የቀረው።

የፒያሳ ልጅ፦

መምህርን ከአክብሮት ጋር እቃወማለሁ። «ሚድልማርች» ላይ ለቆመ ሰው ስድሳ ሰባት ምዕራፍ ያለውን «ብሊክ ሃውስ» ማሸከም በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። እኔ የምመክርዎ በዝርዝርዎ ውስጥ የሌለውን የአንተኒ ትሮሎፕን «ዘ ዋርደን» ነው፤ በ1855 የወጣ፣ ሃያ አንድ ምዕራፍ ብቻ ያለው መጽሐፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የሱፍ ነጋዴ በ1434 ዐሥራ ሁለት አቅመ ደካማ አረጋውያን እንዲጦሩበት መሬት ተናዝዞ ይሞታል። ዘመን ሲለወጥ የመሬቱ ገቢ ያድጋል፤ አረጋውያኑ ግን ያችኑ የዕለት ሳንቲም ሲቀበሉ፣ የመጦሪያው ኃላፊና የካቴድራሉ መዘምራን መሪ፣ በእኛ አጠራር መሪጌታ ልንላቸው የምንችላቸው አቶ ሃርዲንግ፣ በዓመት 800 ፓውንድና ያማረ ቤት ያገኛሉ። ጉዳዩን ለፍርድ ቤትና ለጋዜጣ የሚያደርሰው ወጣት ደግሞ የሃርዲንግን ልጅ የሚወድ ነው። ትሮሎፕ ማንንም ሌባ ብሎ አይገላገልም፤ ሽማግሌው ቅን ሰው ናቸው፤ ገንዘቡ ይገባኛል ወይ ብለው እስከዚያን ቀን ራሳቸውን ጠይቀው አያውቁም። የደብር ሀብት ክርክርን በሩቁም ቢሆን የሰማ ሰው እያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ አንድ ቦታ ያየው ይመስለዋል።

ሌላው፣ አሮጌ መጽሐፍ ሲገዙ ያጠረ ቅጂ እንዳይሆንብዎ ምዕራፎቹን ይቁጠሩ፤ ሽፋኑ ላይ ሁልጊዜ አይጻፍም። ሙሉው «ጄን ኤር» 38፣ ሙሉው «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» ደግሞ 59 ምዕራፍ አላቸው። እኔ በዚህ ተታልዬ ግማሽ ዲክንስ በሙሉ ዋጋ ገዝቻለሁ።

ዘአራት ኪሎ፦

ሃርዲን ካነሡ ከ«ቴስ» በፊት የ1886ቱን «ዘ ሜየር ኦቭ ካስተርብሪጅ» ያስቀድሙ። በመጀመሪያው ምዕራፍ አንድ ሥራ ፈላጊ ገበያ ላይ ሰክሮ ሚስቱንና ልጁን ለመርከበኛ በአምስት ጊኒ (የጥንት የእንግሊዝ ገንዘብ ነው) ይሸጣል፤ በማግስቱ መጠጥ ላለመቅመስ ለሃያ አንድ ዓመት ይምላል። ስናገኘው የእህል ነጋዴና የከተማው ከንቲባ ሆኗል። ዝናብ ቀረ፣ ዝናብ መጣ እያለ በእህል ዋጋ የሚወራረድበትን ክፍል እህል በረንዳ የዋለ ሰው ይበልጥ ያጣጥመዋል። «ቴስ» ከዚህ ይልቅ ልብ የሚሰብር ስለሆነ ሐዘን በሌለበት ሰሞን ቢሆን ይሻላል። «ዋዘሪንግ ሃይትስ»ን በተመለከተ፣ የሻርሎት ብሮንቴን «ጄን ኤር» የወደደ ሁሉ የእኅቷን የኤምሊንም ይወዳል የሚባለውን አልቀበልም፤ ሰዎቹ ጨካኞች ናቸው፣ ደራሲዋም አታባብልም። እኔ ግን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

የለገሃሩ አንባቢ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «ዘ ዋርደን»ን ከመጽሐፍ ሻጮቹ ዘንድ ስላጣሁት የቅጂ መብታቸው ያለፈባቸውን መጻሕፍት በነጻ ከሚያቀርበው ከፕሮጀክት ጉተንበርግ በስልኬ አውርጄ ጀመርኩት። አቶ ሃርዲንግ ሲጨነቁ ባልያዙት ቼሎ (ትልቅ ቫዮሊን መሰል የሙዚቃ መሣሪያ) ላይ እጃቸውን ወዲያና ወዲህ የሚያንቀሳቅሱበትን ቦታ ምሳ ቤት ተቀምጬ ሳነብ ብቻዬን ስስቅ አስተናጋጇ ዞራ አየችኝ። የሃርዲው ከዚህ ቀጥሎ ይሆናል፤ «ሚድልማርች»ን ከራስጌዬ ባላነሣውም ከእንግዲህ በወር አንድ ክፍል ብቻ ነው የማነበው።

«ብሊክ ሃውስ»ን ደግሞ መምህር ያሉትን ለማረጋገጥ ገልጬ አየሁት። በእኔ ቅጂ ኤስተር የምትጀምረው ገጽ 24 ላይ ነው።