የሌሊቱ ሥራ መሮጡን በምን ላረጋግጥ?

የሄርማታዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ላለ የቡና ሰብሳቢዎች ማኅበር የተሠራ የላራቬል (የፒኤችፒ ቋንቋ ማዕቀፍ) ሲስተም ነው፤ ሰርቨሩ እዚያው ቢሮ ውስጥ አለ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት የዕለቱን የእሸት ቡና ግዢ ይደምራል፣ በየሰዓቱ ደግሞ ለገበሬዎች ኤስኤምኤስ ይልካል። አንዳንድ ጠዋት ድምሩ የለም፤ ሎግ ፋይሉም (የሥራዎቹ መዝገብ) ባዶ ነው። መብራት በጠፋ ማግስት ደግሞ ኤስኤምኤሱ ቀኑን ሙሉ ዝም ይላል።

ጅሬን፦ ክሮንታቡ (ሥራዎችን በሰዓታቸው የሚያስነሳው የክሮን ዝርዝር) መስመር መጨረሻ ላይ >> እና የፋይሉን ሙሉ አድራሻ፣ ቀጥሎ 2>&1 ጨምሪ። የመጀመሪያው ውጤቱን፣ ሁለተኛው የስህተቱን መልእክት ወደ ፋይሉ ይልካል፤ ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ ስህተቱ ፋይሉ ውስጥ አይገባም። ፒኤችፒንም በሙሉ አድራሻው ጥሪው፤ ክሮን የሚያየው ፓዝ (ፕሮግራሞች የሚፈለጉባቸው አቃፊዎች ዝርዝር) አጭር ነው።

ቦሳ ቂጦ፦ ለላራቬል ይሄ ብቻውን አይበቃም። ክሮን የሚያስነሳው ስኬጁለሩን (የላራቬልን የሥራ ሰዓት አስያዥ) ነው፤ እሱ ደግሞ የእያንዳንዱን ትእዛዝ ውጤት ካልነገሩት ይጥለዋል። በየሥራው ላይ ውጤቱን ፋይል ላይ የሚጽፈውን አፔንድአውትፑትቱ ጨምሪ።

አባ ሎግ፦ ለሎጉ ከፋይል ይልቅ የዳታቤዝ ሠንጠረዥ ይሻልሻል፦ የሥራው ስም፣ የተደመረው ቀን፣ የጀመረበት፣ የጨረሰበት፣ የስህተቱ ጽሑፍ። ረድፉን ሥራው ሳይጀምር ጻፊ፣ ሲያልቅ አድሺው። የጨረሰበት ባዶ ከሆነ መሐል ላይ ሞቷል፤ ረድፉ ጭራሽ ከሌለ አልተነሳም። አደራ፣ ከሥራው ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚሰረዙ የዳታቤዝ ለውጦች) ውጭ ይጻፍ። ውስጥ ከገባ ሥራው ወድቆ ሮልባክ ሲሆን (ለውጡ ሲሰረዝ) ሎጉም አብሮ ይጠፋል፤ በጣም የምትፈልጊው ደግሞ እሱን ነው።

የኤስኤምኤሱ ነገር ቁልፍ ይመስለኛል። ሥራው በራሱ ላይ እንዳይደረብ የሚከለክለው ዊዝአውትኦቨርላፒንግ ካለ ላራቬል ሥራው ሲጀምር ይቆልፋል፣ ሲጨርስ ይከፍታል። መሐል ላይ መብራት ከጠፋ የሚከፍት የለም፤ ቁልፉ በራሱ የሚያልፈው በ1440 ደቂቃ፣ ማለትም በድፍን ቀን ነው። የዊዝአውትኦቨርላፒንግ ቅንፍ ውስጥ 50 (ደቂቃ) ጻፊ። የተቆለፈውን ስኬጁል:ክሊር-ካሽ በሚለው የአርቲዛን (የላራቬል ትእዛዝ መስጫ) ትእዛዝ አጽጂ።

የሄርማታዋ፦ አዎ፣ ቅንፉ ባዶ ነው! ግን 6 ሰዓት ላይ ሰርቨሩ ራሱ ጠፍቶ ከነበረስ?

ቦሳ ቂጦ፦ ክሮን ያመለጠውን መልሶ አይሠራም። ድምሩን በየሰዓቱ አስነሺው፤ የትናንቱ ቀን በሎጉ ተጠናቆ ካገኘ ይለፈው፣ ካላገኘ ይደምር። ሁለቴ ቢነሳ እንዳይደግም በድምሩ ሠንጠረዥ ቀኑ ላይ ዩኒክ ኢንዴክስ (አንድ ቀን ሁለቴ እንዳይገባ የሚከለክል) አድርጊ። ሲስተሙ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ከሆነ የኛ ሌሊት 6 ሰዓት ለእሱ ገና የቀደመው ቀን 21:00 ነው፤ ኮዱ «ትናንት» ሲል አንድ ቀን ይስታል። ቀኑን በአዲስ አበባ ሰዓት አስሊ።

የሄርማታዋ፦ ረድፎቹን እስከ መቼ ላቆይ?

አባ ሎግ፦ የተሳካውን 30 ቀን፣ የወደቀውን እስከ ሂሳብ መዝጊያ። ማጽጃውም የራሱ ረድፍ ይኑረው።